ጭምብሉ የጠቀመው ማንን ነበር? ስለ ጥንቶቹ የካውቦይ ተከታታይ ፊልሞች የተካሄደ ክር

ክሩን፣ ማለትም በኢንተርኔት መድረክ ላይ በምላሽ የተያያዘውን ውይይት፣ የከፈቱት ተሳታፊ የመጡት ጥያቄ የሚመስል ክስ ይዘው ነው። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች በየሳምንቱ አንድ ክፍል ብቻ እየታየ ለወራት የሚዘልቁ የካውቦይ ተከታታይ ፊልሞች ነበሩ፤ ከእነዚህም ልጆች እጅግ የወደዷቸው ጀግናው ፊቱን በጭምብል የሚሸፍንባቸውን ነበር። እንደ ጠያቂው ክርክር፣ ጀግናው ጭምብል ያደረገው ከሽፍቶች ለመሰወር ነው የሚለው ምክንያት ለቅዳሜ ተመልካች የተነገረ ማባበያ ነው፤ እውነተኛው ምክንያት በፈረሱ ላይ የተቀመጠው ሰው ስሙ በማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ተዋናይ አለመሆኑን መደበቅ ነበር። ፊቱ የማይታይ ጀግና ሲጋልብና ሲደባደብ በፋንታው ሌላ ሰው ማሠራት ይቻላል፤ ተዋናዩ ቢለወጥ ልብሱ እስካልተለወጠ ድረስ ተመልካች አይደናገርም፤ ከሁሉም በላይ ከብዙ ዓመት በፊት የተቀረጸ ግልቢያ አዲስ ወጪ ሳያስከትል በአዲስ ፊልም ውስጥ ተመልሶ ሊገባ ይችላል። ሪፐብሊክ ፒክቸርስ የተባለውን የሆሊዉድ ስቱዲዮ ዋናው ተጠያቂ ካደረጉ በኋላ፣ ጭምብሉ በእርግጥ ለታሪኩ ያስፈለገበት አንድ ፊልም የሚያውቅ ካለ ስሙን እንዲጠቅስላቸው ጠየቁ።

እንዲህ ያለ ርዕስ በአማርኛ ሲከፈት ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ምላሽ ላይ ይደርቃል፤ ይህኛው ግን ረዘመ፤ በመካከሉም ተካረረ። የማንንም ቃል ሳልገለብጥ ምላሾቹን በየቁጥራቸው አቀርባለሁ።

ምላሽ 1። የመጀመሪያው መላሽ ከመስማማታቸው በፊት ለማያውቁት አንባቢዎች የፊልሞቹን አሠራር አስረዱ። አንድ ተከታታይ ፊልም ባብዛኛው ከ12 እስከ 15 ክፍል ነበረው፤ የመጀመሪያው ክፍል ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ የቀሩት ደግሞ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃሉ፤ እያንዳንዱም ጀግናው ሊፈነዳ በተቃረበ ጎጆ ውስጥ ተዘግቶበት ወይም የተሳፈረበት ሠረገላ ወደ ገደል ሲምዘገዘግ ይቋረጣል። አክተር እንደማይሞት የቅዳሜው ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ ሳምንቱን ሙሉ የሚያከራክረው በምን ዘዴ ይተርፋል የሚለው ነበር። ዘዴው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዓይን ያወጣ ማታለል ነው፤ ባለፈው ሳምንት ከሠረገላው ጋር ሲወድቅ የታየው ሰው በዚህ ሳምንት ሠረገላው አፋፉ ላይ ከመድረሱ በፊት ዘሎ ሲወርድ ይታያል። ተመልካቹን እንዲህ ለማታለል ያላፈረ ስቱዲዮ ጭምብሉንም ለዚሁ ዓላማ ቢጠቀምበት እንደማይደንቃቸው ገልጸው አበቁ።

ምላሽ 2። ስለ ዘርፉ ሰምተው የማያውቁ ሰው ምስጋና ብቻ ስለሆነ አልፈዋለሁ።

ምላሽ 3። ክርክሩ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። ሦስተኛው መላሽ የተጠየቀውን አንድ ፊልም ይዘው ቀረቡ፤ እሱም ሪፐብሊክ በ1938 ያወጣው፣ ዊልያም ዊትኒና ጆን ኢንግሊሽ ያዘጋጁት ባለ 15 ክፍሉ ‹ሎን ሬንጀር› ነው። ታሪኩ የሚካሄደው ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ማግሥት በቴክሳስ ሲሆን፣ ጄፍሪስ የተባለ ወንበዴ እውነተኛውን የመንግሥት ሹም ገድሎ በሟቹ ስምና ማዕረግ ሕዝቡን በግብር ያስጨንቃል። ባለ ጭምብሉ ሰው ከአምስት ወጣቶች አንዱ እንደሆነ ይነገረናል፤ የትኛው እንደሆነ ግን ጄፍሪስም ተመልካቹም አያውቁም። ክፍሎቹ በገፉ ቁጥር ከአምስቱ አንዱ ይሞታል፣ ቀጥሎም ሌላው፤ በመጨረሻ የተረፈው ጭምብሉን ሲያወልቅ ሊ ፓወል የተጫወተው አለን ኪንግ ሆኖ ይገኛል። ጭምብሉን ከዚህ ፊልም ማውጣት ታሪኩን ራሱን ማውጣት ስለሆነ፣ የጠያቂው ክስ ቢያንስ በዚህኛው ላይ እንደማይሠራ መላሹ ደመደሙ። ከአምስቱ አንዱን የተጫወተው ኸርማን ብሪክስ በ1928ቱ የአምስተርዳም ኦሎምፒክ በአሎሎ ውርወራ የብር ሜዳሊያ ያገኘ ስፖርተኛ መሆኑንም ጨምረዋል፤ ለክርክሩ ባይረዳም ማወቁ ደስ ይላል።

ምላሽ 4። አራተኛው ሰው ትሕትና አላበዙም። በዚያው የ1938 ፊልም ጀግናው ጭምብሉን ሲያጠልቅ የሚሰማው ድምፅ የአምስቱም ተዋናዮች አይደለም፤ ቢሊ ብሌቸር የተባለ በድምፁ የታወቀ ተዋናይ ነው። ይህ የተደረገው ምስጢሩ በድምፅ እንዳይታወቅ ተብሎ መሆኑን ቢቀበሉም፣ ፊቱ ከአንዱ፣ ድምፁ ከሌላው፣ ግልቢያው ከሦስተኛው ሰው የተውጣጣ ጀግና ለጠያቂው ክስ ከዚህ የተሻለ ምስክር እንደማይገኝለት ጻፉ። የሦስተኛውን ምላሽ ጸሐፊ ፊልሙን አይተው እንደሆነ ወይስ ስለ ፊልሙ አንብበው ብቻ እንደሆነም ጠየቁ፤ ይህ አላስፈላጊ ነበር።

ምላሽ 5። የሦስተኛው ምላሽ ጸሐፊ ተመልሰው አሥራ አምስቱንም ክፍል እንዳዩ አረጋገጡ፤ ምክንያትንና ውጤትን መደባለቅ እንደማይገባም በቁጥብ ቋንቋ አስታወሱ። ድምፁን የቀየሩት ለምስጢሩ ከሆነ ጭምብሉም ለምስጢሩ ነው፤ ስቱዲዮው ከዚህ ያተረፈው ነገር ካለ በኋላ የመጣ ትርፍ ነው።

ምላሽ 6። ስድስተኛው የቀጣዩን ዓመት ፊልም አነሡ። በ1939 ሪፐብሊክ ሁለተኛውን ባለ 15 ክፍል ‹ዘ ሎን ሬንጀር ራይድስ አጌን› ሲሠራ ዋናውን ሚና የሰጠው ለሮበርት ሊቪንግስተን ነው። ይህ ተዋናይ በ1936 ‹ዘ ቪጂላንቲስ አር ካሚንግ› በተባለው ባለ 12 ክፍል ፊልም ‹ንስር› የሚባል ባለ ጭምብል ጋላቢ ሆኖ ታይቷል፤ ፊቱንም ሕዝብ ያውቀዋል። በዚህም ምክንያት ይመስላል በ1939ኙ ፊልም ውስጥ ጀግናው ጭምብሉን አውልቆ የሚታይበት ጊዜ በጣም በዛ። እንደ እኚህ መላሽ አስተያየት፣ ስቱዲዮው ከፍሎ ያመጣውን ፊት መሸፈን አልፈለገም፤ ስለዚህ የጭምብሉ ርካሽነት የሚሠራው ተዋናዩ ያልታወቀ ሲሆን ብቻ ነው። ክሩን የከፈቱት ሰው ለዚህ ምላሽ ምስጋና አቅርበዋል፣ ክርክር ግን አላቀረቡም።

ምላሽ 7። ከክሩ ሁሉ እኔ የማስበልጠው ይህን ነው። ሰባተኛው መላሽ እስካሁን የተናገሩት ሁሉ ታሪኩን ከመካከሉ እንደጀመሩት ጠቆሙ። ሎን ሬንጀር ፊልም ከመሆኑ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በጃንዋሪ 1933፣ ዲትሮይት ከተማ በሚገኘው ደብሊው ኤክስ ዋይ ዚ የሬዲዮ ጣቢያ ነው የተጀመረው፤ የጣቢያው ባለቤት ጆርጅ ትሬንድል፣ ደራሲው ፍራን ስትራይከር ነበሩ፤ መግቢያውም ከሮሲኒ ‹ዊልያም ቴል› የተወሰደው የጋላቢ ዜማ ነበር። በሬዲዮ ላይ በተዋናዩ ፋንታ ከፈረስ የሚወድቅ ሰው የለም፤ ደጋግሞ የሚቆረጥ የግልቢያ ምስልም የለም፤ ከሁሉም በላይ ጭምብሉን የሚያይ ሰው የለም። ታዲያ ማንም በማያየው ጭምብል ማን ገንዘብ ቆጠበ ሲሉ ጠየቁ። ከዚህም አልፈው ወደ ኋላ ሄደው፣ ደራሲው ጆንስተን መካሊ ዞሮ የተባለውን ባለ ጭምብል ጀግና በ1919 በመጽሔት ላይ በተከታታይ ሲያወጣው ጭምብሉ አስቀድሞ በወረቀት ላይ እንደነበር፣ በወረቀት ላይ ደግሞ ስታንት (በተዋናዩ ፋንታ አደገኛውን ትዕይንት) የሚሠራ ሰው እንደማያስፈልግ አስታወሱ።

ምላሽ 8። ስምንተኛው ሰው የሰባተኛውን ነጥብ አድንቀው ወዲያው ገለበጡት። ሎን ሬንጀርን በሬዲዮ ይጫወት የነበረው ኧርል ግሬዘር በአፕሪል 1941 በመኪና አደጋ ሞተ። ዝግጅቱ በሳምንት ብዙ ጊዜ የሚተላለፍ ስለነበር ማቆም አልተቻለም። አዘጋጆቹ በታሪኩ ውስጥ ጀግናው ክፉኛ እንዲቆስል አደረጉ፤ ለተወሰኑ ክፍሎች ከሹክሹክታ በላይ መናገር አልቻለም፤ ታሪኩን ተሸክሞ የሚሄደውም ነባር አሜሪካዊው ጓደኛው ቶንቶ ሆነ። ቁስሉ ሲድን የተሰማው ድምፅ ቀድሞ የዝግጅቱ አስተዋዋቂ የነበረው የብሬስ ቢመር ድምፅ ነበር፤ እሱም እስከ መጨረሻው የ1954 ስርጭት ድረስ ቆየ። ከዚህ ተነሥተው መላሹ እንደጻፉት፣ በሬዲዮ ሰውየውን ከጀግናው መነጠል የተቻለው ያለ ጨርቅ ነው፤ ስቱዲዮዎቹ ጨርቁን ያገኙት የሬዲዮ ሰዎች በሹክሹክታ የሠሩትን በዓይን ለመሥራት ሲፈልጉ ነው።

ምላሽ 9፣ 10 እና 11። እዚህ ላይ ወሬው ወደ ዞሮ ዞረ። ዘጠነኛው፣ በዕድሜ የገፉ የሚመስሉ አባት፣ በልጅነታቸው ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ ሲኒማ ቤት ዞሮን እንዳዩና ማግሥቱን የእናታቸውን ጥቁር ሻሽ ለዓይን ሁለት ቀዳዳ በጥሰውለት በሰፈሩ ሲጋልቡ እንደዋሉ፣ ማታ የደረሰባቸውንም ቅጣት በዝርዝር አወሩ። አሥረኛው መላሽ ጋሼ እያሉ በአክብሮት ዘመኑን ጠየቁ፤ እሳቸውም የደርግ መጀመሪያ ላይ እንደነበር ሲነግሯቸው፣ ያዩት በ1975 ጣሊያናዊው ዱቾ ቴሳሪ ያዘጋጀውና አላን ዴሎን የተጫወተበት ፊልም ሊሆን እንደሚችል ገመቱ፤ ያ ደግሞ አንድ ወጥ ፊልም እንጂ ተከታታይ አይደለም። አሥራ አንደኛው ሁለቱንም ወደ ርዕሱ ለመመለስ፣ በሪፐብሊክ የመጀመሪያው የዞሮ ተከታታይ ፊልም፣ በ1937 በወጣው ‹ዞሮ ራይድስ አጌን›፣ ጀግናው የጥንቱ ዞሮ ሳይሆን የልጅ ልጅ ልጁ መሆኑን፣ በዘመኑም የጭነት መኪናና አውሮፕላን መኖሩን፣ ዋናው ተዋናይ ጆን ካሮል በየመካከሉ ዘፈን እንደሚያዜም ገለጹ። የሚዘፍን ዞሮ የሚለው ሐሳብ ዘጠነኛውን አባት እንዳሳዘናቸው ከሰጡት አጭር መልስ ይታወቃል።

ምላሽ 12። አሥራ ሁለተኛው መላሽ ከሪፐብሊክ ሥራዎች ሁሉ ምርጡ በ1939 የወጣው ባለ 12 ክፍሉ ‹ዞሮስ ፋይቲንግ ሊጅን› ነው ሲሉ ሪድ ሃድሊን ከዞሮዎች ሁሉ አስበለጡት፤ በወርቅ ጥሩር ተሸፍኖ አምላክ ነኝ እያለ ያኪ የተባሉትን የሜክሲኮ ነባር ሕዝቦች የሚያነሣሣው ዶን ዴል ኦሮም በክፉ ሰውነቱ አቻ እንደሌለው ጻፉ። የማይረሳ ትዝብትም አስከትለዋል፤ በዚህ ፊልም ውስጥ ፊቱን የሸፈነው ጀግናው ብቻ አይደለም፤ ጠላቱም ተሸፍኗል፤ የተመልካቹ ጥያቄ ከሹማምንቱ መካከል ዶን ዴል ኦሮ ማነው የሚለው ነው። ታሪኩ በ1824 ሜክሲኮ ውስጥ የሚካሄድ ሆኖ ፕሬዚዳንቱ ቤኒቶ ኋሬዝ መሆኑን ግን ሳይተቹ አላለፉም፤ ኋሬዝ የተወለደው በ1806 ስለሆነ በዚያን ጊዜ የ18 ዓመት ወጣት ነበር።

ምላሽ 13። አሥራ ሦስተኛው ሰው የታሪክ ስሕተቱ ማንንም እንዳላስጨነቀ ካስታወሱ በኋላ፣ በዚያው ፊልም ላይ ሊደነቅ የሚገባው ስሙ በማስታወቂያ ላይ በትልቁ ያልተጻፈው ያኪማ ካነት ነው አሉ። በ1895 በዋሽንግተን ግዛት የተወለደው ይህ የቀድሞ የሮዲዮ (የካውቦዮች የግልቢያ ውድድር) ፈረሰኛ ከሚጋልቡ የሠረገላ ፈረሶች መካከል ወደ መሬት ወርዶ፣ ሠረገላው በላዩ ሲያልፍ ከኋላው ይዞ ተመልሶ የሚወጣበትን ትዕይንት የዞሮን ጭምብል አጥልቆ ሠርቶታል። በእነዚያ ደቂቃዎች ተመልካቹ ዞሮ ብሎ የሚያጨበጭብለት ሰው ካነት ነው። በ1967 የተሰጠው የክብር ኦስካርም ለእንዲህ ያለው ሥራ እውቅና ነው፤ ከብዙ ዓመት በኋላ በኢንዲያና ጆንስ የመጀመሪያ ፊልም ሰውየው በጭነት መኪና ሥር የሚጎተትበት ትዕይንት የመጣውም ከዚሁ ነው። መላሹ የጠያቂውን ክስ ተቀብለው ትርጉሙን ግን ለወጡት፤ ጭምብሉ የስቱዲዮውን ገንዘብ ከማዳኑ ይበልጥ እንዲህ ያለ ሰው ጀግና ሆኖ እንዲሠራ አስችሎታል፤ ፊቱ ለዋና ተዋናይነት ባይመረጥም።

ምላሽ 14። አንዲት ተሳታፊ እስካሁን የተወራው ሁሉ ስለ ወንዶች ብቻ መሆኑን በትዝብት ካነሡ በኋላ በ1944 የወጣውን ‹ዞሮስ ብላክ ዊፕ› አቀረቡ። ርዕሱ ዞሮ ይበል እንጂ በታሪኩ ውስጥ ዞሮ የለም። በአይዳሆ ግዛት፣ ሕዝቡ የፌዴሬሽኑ አባል እንዳይሆን የሚፈልጉ ወንበዴዎችን የሚዋጋው ባለ ጥቁር ጭምብሉ ሰው በመጀመሪያው ክፍል ይገደላል፤ ጭምብሉንና አለንጋውን የምታነሣው እኅቱ ናት፤ ሊንዳ ስተርሊንግ ትጫወታታለች። ወንበዴዎቹ የሚያሳድዳቸው ሴት ልትሆን ትችላለች የሚል ሐሳብ ጨርሶ አይመጣላቸውም። ተሳታፊዋ እንዳስረዱት፣ በዚህ ፊልም ጭምብሉ የሚደብቀው ስም ብቻ አይደለም፤ በዘመኑ ልማድ ጠመንጃ ይዛ እንድትጋልብ ያልተፈቀደላት ሴት መሆኗን ጭምር ነው። ከዚያም የጠያቂውን ክስ የሚያጠናክር፣ ጠያቂው ራሳቸው ያላነሡትን ማስረጃ አመጡ። ሪፐብሊክ በ1951 ‹ዶን ዴርዴቭል ራይድስ አጌን›ን ሲሠራ የዞሮን ስም የመጠቀም መብት አልነበረውም፤ ስለዚህ በሌላ ስም ጠርቶት የቀድሞዎቹን የዞሮ ፊልሞች ቀረጻ ተጠቀመ። በ1954 ‹ማን ዊዝ ዘ ስቲል ዊፕ› ላይ ደግሞ ከልዩ ልዩ ዓመታት የዞሮ ፊልሞች የተወሰዱት ቀረጻዎች ከ‹ብላክ ዊፕ›ም ጭምር ስለተቀላቀሉበት፣ ሪቻርድ ሲመንስ የሚጫወተው ጀግና በአንድ ግልቢያ ውስጥ ትከሻው ሲሰፋ፣ ወገቡ ሲቀጥን፣ እንደገናም ሲሰፋ ማየት ይቻላል።

ይህ ምላሽ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ምስጋና አገኘ፤ የሚገባውም ነው። የተነገረውን ፊልም ከፍቼ አየሁት፤ አንዴ ከተነገረዎት በኋላ ሌላ ነገር ማየት አይቻልም።

ምላሽ 15 እና 16። አሥራ አምስተኛው ተሳታፊ እነዚህ ፊልሞች ለሕፃናት በጥድፊያ የተሠሩ ውዳቂ ነገሮች ስለሆኑ ይህን ያህል ትንተና እንደማይገባቸው በማያሻማ ቃል ጻፉ። አሥራ ስድስተኛው፣ ውዳቂ ከሆኑ እዚህ ድረስ ሁሉንም ምላሽ አንብበው መድረሳቸው ይገርማል ሲሉ መለሱላቸው፤ ቀጥለውም ዊትኒ የድብድብ ትዕይንቶችን እንደ ሙዚቃዊ ፊልም ውዝዋዜ በአጫጭር ቁራጮች ከፋፍሎ መቅረጽን ከበስቢ በርክሊ አሠራር እንደተማረና ዘዴው ወደ ሌሎች ፊልሞች እንደተሻገረ አስረዱ። አሥራ አምስተኛው ከዚያ ወዲያ አልተመለሱም።

ምላሽ 17፣ 18፣ 19 እና 20። ክሩ የጦፈው እዚህ ላይ ነው። አሥራ ሰባተኛው መላሽ፣ የሎን ሬንጀር እውነተኛ መነሻ ባስ ሪቭስ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ መሆኑን እንደ ተረጋገጠ ነገር አቀረቡ። ባስ ሪቭስ በ1838 በአርካንሶ በባርነት ተወልዶ፣ ከ1875 ጀምሮ ለፎርት ስሚዝ ፍርድ ቤት የፌዴራል ማርሻል (ሕግ አስከባሪ) ምክትል ሆኖ ዛሬ ኦክላሆማ በሆነው በኢንዲያን ቴሪቶሪ ያገለገለ፣ ወደ 3,000 የሚጠጉ ሰዎችን በቁጥጥር ሥር እንዳዋለ የሚነገርለት፣ በ1910 ያረፈ ሰው ነው። አሥራ ስምንተኛው የሰውየው ታሪክ እውነት ሆኖ ሳለ ከሬዲዮው ጀግና ጋር የሚያገናኘው ከትሬንድልም ሆነ ከስትራይከር ወገን የተገኘ ሰነድ እንደሌለ፣ ፎርት ስሚዝ የፈረደባቸው እስረኞች አንዳንዶቹ ወደ ዲትሮይት መላካቸውም ከግምት በላይ እንደማያስኬድ ተከራከሩ። አሥራ ሰባተኛው ይህን እንደ ንቀት ቆጥረው በጣም ጠንከር ያለ ቃል ጻፉ፤ አሥራ ስምንተኛውም በዚያው ልክ መለሱ። በዳላስ የሚኖሩ አንዲት እናት (ምላሽ 19) ነገሩን አበረዱት፤ ልጃቸው ስለ ባስ ሪቭስ ከትምህርት ቤት ተምሮ ሲመጣ እሳቸው ያስደሰታቸው ራሱ የማርሻሉ ሕይወት እንጂ ከጭምብሉ ጋር ያለው ዝምድና እንዳልነበረ፣ በፎርት ስሚዝ በ2012 የቆመለት ባለ ፈረስ ሐውልትም ጭምብል እንደሌለው አስታወሱ። አወያዩ በሃያኛው ምላሽ ስለ ባስ ሪቭስ ሌላ ክር እንዲከፈት አዘዙ። እንደ እኔ አሥራ ስምንተኛው በማስረጃው ትክክል ናቸው፤ በአነጋገራቸው ግን አንባቢ አሸሹ።

ምላሽ 21። ሃያ አንደኛው ትእዛዙን አክብረው ከርዕሱ ብዙም ወዳልራቀ ጉዳይ መጡ፤ ስለ ጭምብል ይህን ያህል ሲወራ አጠገቡ ሳይሸፈን ስለሚጋልበው ቶንቶ የጠየቀ የለም። ቶንቶ ወደ ሬዲዮው ድርሰት የገባው ጀግናው የሚያነጋግረው ሰው ስላስፈለገው ነበር፤ በሬዲዮ እስከ 1954 ድረስ የተጫወተውም ጆን ቶድ የተባለ ነጭ ተዋናይ ነው። በ1949 ሎን ሬንጀር ወደ ቴሌቪዥን ሲመጣ ሚናው ለጄይ ሲልቨርሂልስ ተሰጠ። ሲልቨርሂልስ በካናዳ ኦንታሪዮ፣ በሲክስ ኔሽንስ የነባር ሕዝቦች መኖሪያ የተወለደ፣ ከሞሃውክ ነባር ሕዝብ የሆነ፣ የታወቀ የላክሮስ (ባለ መረብ በትር የሚጫወቱት የኳስ ጨዋታ) ተጫዋች የነበረ ሰው ነው፤ የሚነገረው እንግሊዝኛ ግን ሆን ተብሎ እንዲሰባበር የተጻፈለት ነበር። በ1960ዎቹ በሎስ አንጀለስ ለነባር አሜሪካውያን ተዋናዮች ማሠልጠኛ ማቋቋሙን መላሹ በአድናቆት አወሱ። ነጩ ተዋናይ ጭምብሉን አውልቆ ሌላ ሰው መሆን ሲችል ሲልቨርሂልስ ግን ፊቱን የሚያወልቅበት መንገድ እንዳልነበረው መጻፋቸው ብዙዎችን ለጊዜው ዝም አሰኘ።

ምላሽ 22፣ 23 እና 24። ሦስቱም ያተኮሩት በክሌይተን ሙር ላይ ነው። ሃያ ሁለተኛው፣ ሙር በ1949 በሪፐብሊክ ‹ጎስት ኦፍ ዞሮ› ላይ እንደ ዞሮ የልጅ ልጅ ተጫውቶ በዚያው ዓመት በቴሌቪዥን ሎን ሬንጀር እንደሆነ፣ ነገር ግን በ1952 አዘጋጆቹ በጆን ሃርት እንደተኩት ገለጹ። ሃርት 52 ክፍሎችን ሠራ፤ ልብሱም ጭምብሉም ያው ነበር፤ ተመልካቹ ግን አልተቀበለውም፤ በ1954 ሙር ተመለሰ። ሃያ ሦስተኛው የነገሩን ጫፍ ጨመሩ፤ በ1979፣ ሙር ዕድሜው ወደ 65 ሲጠጋ፣ የሎን ሬንጀር መብት ባለቤት የነበረው ጃክ ራዘር ጭምብሉን በአደባባይ እንዳያደርግ የፍርድ ቤት እግድ አወጣበት፤ አዲስ ፊልም በመዘጋጀት ላይ ነበርና። ሙር በጭምብሉ ፋንታ ፊቱን የሚከብ ትልቅ ጥቁር መነጽር አድርጎ መታየቱን ቀጠለ፤ እግዱም በ1984 ተነሣለት። ሃያ አራተኛው ያ አዲስ ፊልም በ1981 ወጥቶ እንደከሰረ፣ የዋናው ተዋናይ የክሊንተን ስፒልስበሪ ድምፅም በሙሉ በጄምስ ኪች ድምፅ እንደተተካ ጽፈው፣ የአራተኛውን ምላሽ ጸሐፊ ስለ ብሌቸር የተናገሩትን እንዲያስታውሱ ጋበዟቸው።

ምላሽ 25። ክሩን የከፈቱት ሰው ተመልሰው ለሁሉም መለሱ፣ ከክሳቸው ግን ፈቀቅ አላሉም። እንደ እሳቸው አባባል የሃርት ጉዳይ የሚመሰክርላቸው እንጂ የሚመሰክርባቸው አይደለም፤ እሳቸው የተናገሩት ስለ ባለ ሀብቶቹ እምነት ነው፤ ጭምብሉ ሰውን ከሰው ጋር እኩል ያደርጋል ብለው ባያምኑ ኖሮ ሃርትን ባላመጡ፣ ጭምብሉ የእነሱ ንብረት ነው ብለው ባያምኑ ኖሮ ሽማግሌውን ፍርድ ቤት ባላቆሙ። ተመልካቹ በዚህ አለመስማማቱ የተመልካቹን ብልህነት ያሳያል። ስለ ሬዲዮ የቀረበውን ነጥብ ግን መልስ ሳይሰጡበት አልፈዋል፤ ሰባተኛው መላሽም ይህን ወዲያው አስታወሱ።

ምላሽ 26 እና 27። በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ የሚኖሩ ተሳታፊ፣ ከእነዚህ ፊልሞች ብዙዎቹ የተቀረጹበትን በቻትስወርዝ የሚገኘውን የአይቨርሰን መስክ እንዳዩት ጻፉ፤ በሎን ሬንጀር የቴሌቪዥን ዝግጅት መግቢያ ላይ ፈረሱ በኋላ እግሩ የሚቆምበት ቋጥኝ ዛሬም አለ፤ መስኩን ግን አውራ ጎዳና ለሁለት ሰንጥቆታል፤ አካባቢውም ቤት ሞልቶበታል። ሃያ ሰባተኛው የ1938ቱን ፊልም ሲያዩ ለምን የስፓኝኛ የግርጌ ጽሑፍ እንደሚታያቸው ጠየቁ። ሦስተኛው መላሽ፣ ፊልሙ ለረጅም ጊዜ ጠፍቷል ተብሎ ይታመን እንደነበር፣ የተረፉት ቅጂዎችም ለስፓኝኛ ተናጋሪ ገበያ የተላኩት ስለሆኑ ጽሑፉን መፋቅ እንዳልተቻለ አስረዱ። አራተኛው መላሽም ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ምንም ተቃውሞ አመሰገኗቸው።

ምላሽ 28። የመጨረሻው ጥያቄ ተግባራዊ ነበር፤ ለጀማሪ የትኛው ይቀድማል? አሥራ ሁለተኛው ‹ፋይቲንግ ሊጅን›ን፣ አሥራ አራተኛዋ ‹ብላክ ዊፕ›ን መከሩ። ሃያ ሁለተኛው ‹ጎስት ኦፍ ዞሮ›ን የሚያይ ሰው ሙር ጭምብሉን ሲያጠልቅ ድምፁ የሌላ ሰው እንደሚሆን ልብ እንዲል አሳሰቡ። ይህን ጥያቄ ያቀረቡት ሰው በመካከል የወጣውን የ1947ቱን ባለ 13 ክፍል ‹ሰን ኦፍ ዞሮ›ስ ቢሉ፣ ክሩን ሙሉ ሲነታረኩ የነበሩት ሦስተኛውና አራተኛው ሁለቱም ይቅርብዎ ብለው መለሱ።